የተራቡት ሴሎችና የእማዋይሽ ምላስ

ተረት ተረት በሉኝማ፤ የዛሬው ተረት በረት የለውም፣ የካንሰር ሴል የሚያራቡበት ላቦራቶሪ ነው ያለው።

እዚያ እማዋይሽ የምትባል ተመራማሪ ነበረች። ፍላጎቷ ትንሽ ነበር፤ ያሳደገቻቸው የካንሰር ሴሎች አዲሱን መድኃኒት እንዲቀምሱላት። ሌላ ሴል የላትም፤ እነዚህ ቀድመው ከሞቱ ልፋቷን ውኃ በላው።

ሴሎቹ ግን «መጀመሪያ አብዪን፤ በረሃብ ብንሞት መድኃኒቱ ገደላቸው ልትዪ ነው? አንቀምስም» አሉ።

ወደ ሴል ምግቡ ሄደች። ቀዩ ፈሳሽ «ያለ ሴረም እኔ ቀለም የገባበት ውኃ ነኝ፤ አላበላም» አለ። ምግቡ አላበላም አለ፣ ሴሎቹ አንቀምስም አሉ።

ወደ ሴረሙ ሄደች። ከጥጃ ደም የሚወጣው ሴረም፣ ከማቀዝቀዣው ውስጥ ሆኖ፣ «ተቆልፎብኛል፤ አልወጣም» አለ። ሴረሙ አልወጣም አለ፣ ምግቡ አላበላም አለ፣ ሴሎቹ አንቀምስም አሉ።

ቁልፉን ወደያዙት ኃላፊ፣ ወደ ዶክተር የሺእመቤት ሄደች። «ያለፈውን ሴረም ጠረጴዛ ላይ ትቶ ያበላሸው ሳይታወቅ አልከፍትም» አሉ። «ባልደረባሽ ሰይፉ ነው ይባላል። እሱ ከሆነ ላቦራቶሪዬን ይልቀቅ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እጠብቃለሁ።»

እማዋይሽ ክው አለች። አርብ ዕለት ወደ ሠርግ ስትቸኩል የሴረሙን ጠርሙስ የረሳችው ራሷ ናት። ሰኞ ደፍርሶ ብታገኘው ደፍታው ዝም አለች።

ወደ ምላሷ ሄደች። ምላሷም «አፍራለሁ፤ አልናገርም» አለ። ምላሷ አልናገርም አለ፣ ዶክተሯ አልከፍትም አሉ፣ ሴረሙ አልወጣም አለ፣ ምግቡ አላበላም አለ፣ ሴሎቹ አንቀምስም አሉ።

ይኼኔ ሰይፉ አቀርቅሮ ገባ።

«በቃ እኔ ልሁን ዶክተር» አለ። «ብቻ የእማዋይሽ ሴሎች አይሙቱ።»

ለካ ከሐፍረትም ሐፍረት አለ። የእማዋይሽ ፊት በርበሬ መሰለ፤ ዝምታዋ ከጥፋቷ በልጦ አሳፈራት። ትልቁ ሐፍረት ትንሹን ከምላሷ ላይ ገፍቶ ጣለው።

«እኔ ነኝ» አለች። «ያበላሸሁትም እኔ፣ የደበቅሁትም እኔ።»

ዶክተሯ ቁልፉን አወጡ። ምላሷ ተናገረ፣ ዶክተሯ ከፈቱ፣ ሴረሙ ወጣ፣ ምግቡ አበላ፣ ሴሎቹ ጠገቡ፣ ጠግበውም መድኃኒቱን ቀመሱ። የቀመሱት አለቁ፤ ለማነጻጸሪያ ሳይቀምሱ የቀሩት ግን እየተባዙ ቀጠሉ። የገደላቸው ረሃብ እንዳልሆነ ታወቀ።

ሰይፉ ማይክሮስኮፑን አይቶ «እንኳን ደስ አለሽ» አላት። እማዋይሽ የለመነችው ሁሉ ተሰጥቷት፣ ቀና ብላ ዓይኑን ማየት አቃታት።