የራሰው ከበሮ

አንድ ጊዜ፣ የጫካ እንስሳት የራሳቸውን ቴሌቪዥን ባቋቋሙ በዓመቱ፣ የጎረምሶች የጥያቄና መልስ ውድድር ተጀመረ። ዙር በዙር ሲጣራ ከርሞ ለፍጻሜው ሁለት ቀሩ፦ ዳለቻ የምትባል ወጣት አህያና የአያ ጅቦ ልጅ ዘንጥል። ዘንጥል እንዴት እዚህ ደረሰ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ጠያቂው ቀበሮ ነበር፤ ይኸው ነው።

ሽልማቱ ዋንጫ አይደለም። በዚያ በጋ ያልደረቀ ምንጭ አንድ ብቻ ነበር። ያሸነፈው ወገን ቀን ቀን ይጠጣል፤ የተሸነፈው ከጨለመ በኋላ ይወርዳል። ጅብ እንግዲህ ቀን ተኝቶ የሚውል ፍጥረት ነው፤ የቀን ውሃ ምን ያደርግለታል? ጅቦች የፈለጉትማ አህዮች በጨለማ ወደ ምንጩ እንዲወርዱላቸው ነው! ይህን ጫካው ሁሉ ያውቃል። አንበሳም ያውቃል፤ ሕጉን ያወጣው እሱ ነውና።

በየተወዳዳሪው ፊት ከበሮ ይቀመጣል። ቀድሞ የመታ ይመልሳል፤ ከበሮው ካልተሰማ መልሱ አይቆጠርም።

በውድድሩ ዕለት ጠዋት ቀበሮ አንዱን ከበሮ ባልዲ ውስጥ ነከረው፤ ሌላውን እሳት ዳር አስቀመጠው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለው አያ ጅቦ።

«ከበሮ ሲርስ ቆዳው ይላላል። አህያዋ ቀኑን ሙሉ ብትደበድበው ድምፅ አይወጣውም። እሳት የሞቀው ግን ይወጠራል፤ ነካ ሲያደርጉት ይጮኻል።»

«መልሱስ? ልጄ እንደሆነ እኔን ነው የወጣው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ነገር አይቆይም።»

«በጆሮው እነግረዋለሁ። አንተ ብቻ ልጁን ቁርስ ሳታበላ እንዳታመጣው። ደግሞ ከአህዮቹ የወፈረችው ስትገኝ እኔን እንዳትረሳኝ!»

«ጎኗ ያንተ ነው!» አለ አያ ጅቦ። የልጁን ቁርስ ግን መንገድ ላይ ራሱ ጨረሰው።

ካሜራው በራ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ አንበሳ ከፊት ተቀምጦ ያዛጋል። ቀበሮ ከረባቱን አስተካክሎ ጠየቀ፦

«ከወፎች ሁሉ ትልቁን እንቁላል የምትጥለው ማን ናት?»

ዳለቻ ቀድማ መታች። ከበሮው ጭጭ! «ሰጎን!» ብላ ጮኸች።

«ከበሮ አልሰማሁም» አለ ቀበሮ።

ዘንጥል ተረጋግቶ ድም! አደረገና «ሰጎን» አለ።

«ትክክል! አጨብጭቡለት!»

ተጨበጨበ። አዎ፣ አጨበጨቡ! ወይ አለማፈር!

«ቤቱን በጀርባው ተሸክሞ የሚዞረውስ?»

ዳለቻ አሁንም ቀድማ መታች። አሁንም ጭጭ። «ኤሊ!» አለች፤ አልተቆጠረላትም። ዘንጥል መታና «ኤሊ» አለ፤ ተቆጠረለት።

«ጋሼ፣ ከበሮው እኮ ርሷል! ይቀየርልኝ!»

«የኔ ልጅ፣ ሕግ ሕግ ነው። መምታት ካቃተሽ በከበሮው አታሳብቢ።»

ከከበሮዋ ስር ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ከፊት ረድፍ የተቀመጠችው ሚዳቋ ጠብታውን አየችው። አየችና አንገቷን ደፋች። ጎኗ የነበሩትም አይተው ወደ ጣሪያው ማንጋጠጥ ጀመሩ። ሁሉም ጥያቄ እንዲሁ አለፈ፤ ዳለቻ ቀድማ ትመልሳለች፣ ዘንጥል ይጨበጨብለታል። ከኋላ የተቀመጠችው እናቷ አንገቷን አስግጋ ትመለከት ነበር።

ከመጨረሻው ጥያቄ በፊት ማስታወቂያ ገባ። ዘንጥል ቁርስ አልበላም። ፊቱ ያለው የሞቀ ቆዳ ደግሞ ሽታው ምራቅ ያስውጣል። መጀመሪያ ላስ አደረገው፤ ከዚያ ጠርዙን ነከስ አደረገው።

ካሜራው ተመለሰ። «የመጨረሻው! የከበሮ ፊት ከምን ይሠራል?»

ዳለቻ መታች፤ «ከቆዳ!» አለች። ማን ሰምቷት! ዘንጥልም ሊመታ እጁን ሲሰነዝር ባዶ እንጨት ውስጥ ገባ። አፉ እንደሞላ ጮኸ፦

«ከቆዳ! ጋሼ ቀበሮ እሳት ዳር አሙቆት፣ እንዴት ይጣፍጣል መሰላችሁ!»

ቀበሮ ክው አለ። ግን ዓይን አውጣ አይደል? «ትክክል!» አለ። «ከበሮው ባይመታም የልጁ ድምፅ ተሰምቷል፤ ይቆጠርለታል!»

ያን ጊዜ የዳለቻ ደም ፈላ። ብድግ አለች።

«ያለ ከበሮ ይቆጠራል አልክ? የእኔስ ድምፅ? ሰጎን ብዬ ስጮኽ፣ ኤሊ ብዬ ስጮኽ፣ እዚህ ቤት ያልሰማኝ ማን ነው? የአህያ ድምፅ እኮ ነው! ጌታዬ አንበሳ፣ እርስዎስ አልሰሙኝም?»

ከበሮዋን አንስታ ገለበጠችው። ውሃው ቀበሮው እግር ላይ ዥው አለ።

«ሰምተናል!» አለች እናቷ ከኋላ። አህዮቹ ተከተሏት። ከዚያማ አዳራሹ በሙሉ «ሰምተናል! ሰምተናል!» እያለ ተነሣ፤ አንዱ ሲጀምርለት ማን ይቀራል?

አንበሳ ካሜራውን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «እ... እኔም ሰምቻለሁ» አለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ መስማቱ ነው እንግዲህ! ቀበሮ ራሱ በፈረደው ፍርድ የዳለቻ መልሶች ሁሉ ተቆጠሩ። ቀድማ ያልመለሰችው አንድም አልነበረምና አሸነፈች።

«የራሰውስ ይበላል?» ብሎ ጠየቀ ዘንጥል።

በማግስቱ ጠራራ ፀሐይ ላይ ዳለቻ ከምንጩ ስትጠጣ ሚዳቋ እየዘለለች መጣች።

«እሰይ የኔ ልጅ! አንጀቴን አራስሽው! እኔማ ውሃው ሲንጠባጠብ ገና ከመጀመሪያው በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ!»

ዳለቻ ቀና አለች። «አይተሽ ነበር፣ እትዬ?»

«አዎ እንጂ!»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እኔን ምን አገባኝ ብዬ ነዋ...»

«ብሸነፍ ኖሮ፣ ትናንት ማታ እናቴን እዚሁ ይበሏት ነበር እኮ፣ እትዬ» አለችና አንገቷን ወደ ውሃው መለሰች።

ከዚህ የምንማረው፣ በደል ዓይናችን እያየ ሲፈጸም ዝም ካልን፣ የተበደለው በራሱ ጩኸት ከዳነ በኋላ የምናጨበጭበው ጭብጨባ ከነውራችን እንደማያድነን ነው።