ያልተወሰደው ኳስ

አንድ የሦስተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ ቃልአብ ይባላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ደብተር በገለጠ ቁጥር ደረቱን ያፍነዋል፣ ልቡ ይደልቃል፣ የሚሞት ይመስለዋል። ከአልጋው የሚነሳው ለምግብ ብቻ ነው፤ እሱንም አንዳንዴ ይተወዋል። በመጨረሻ «በቃኝ» አለና ትምህርቱን አቋርጦ ሊሄድ ቅጽ አወጣ። ቅጹ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ካልገባ መውጣት የለም።

የግቢን ክሊራንስ፣ «ዕዳ የለበትም» የሚል ፊርማ ከየክፍሉ መልቀሙን፣ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ለመግባት ካየነው መከራ ለመውጣት የምናየው ይብሳል። ቤተ መጻሕፍቱ ፈረመ፣ ካፌው ፈረመ፣ የመኝታ ክፍሎቹ ተቆጣጣሪ ፕሮክተሯም ፍራሹን አይታ ፈረመች። «ምን ሆነህ ነው የምትሄደው?» ያለው ግን አንድም ሰው የለም። ሰኞ ከሰዓት የቀረው የስፖርት ዕቃ ክፍል ብቻ ነበር።

የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ዘርጋው መዝገባቸውን አገላብጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

«በሦስት ዓመት አንድም ዕቃ አልወሰድክም?»

«አልወሰድኩም ጋሼ። ስለዚህ ይፈርሙልኝ።»

«ቅጹ 'የወሰደውን መልሷል' ነው የሚለው። ያልወሰድከውን መለሰ ብዬ አልዋሽም። እንካ ኳስ፤ እስከ ዓርብ ተጫወትበትና መልስ።»

«ኧረ ጋሼ! እኔ መተንፈስ አቅቶኛል፣ እርስዎ ኳስ ይሰጡኛል?»

«ሳይቆሽሽ ብታመጣው አልቀበልህም» አሉና መስኮቱን ዘጉበት።

ቃልአብ በንዴት ጦፈ። ኳሱን ከሜዳው ዳር ካለው ግንብ ጋር እያላተመ፣ ሽማግሌውን እየረገመ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ለጋው። የዚያን ዕለት እንቅልፍ ወሰደው። ማክሰኞ ሁለት ልጆች «እንግባ?» አሉት፤ እምቢ ለማለት አፈረ። ረቡዕ ስምንት ሆኑ። ሐሙስ ከጨዋታ በኋላ አንዱ «እኔም እኮ ደብተር ሳይ ያንቀጠቅጠኛል» ብሎ አጫወተው። ቃልአብ ግን አሁንም ሊሄድ እንደቆረጠ ነበር።

ዓርብ አሥር ሰዓት ተኩል ኳሱን ጭቃ እንደለበሰ መለሰ። ጋሽ ዘርጋው ጭቃውን አይተው ፈረሙለት። ወደ ሬጅስትራር ሮጠ፤ የአራት ፎቅ ደረጃ ወጥቶ ሊዘጋ ደቂቃዎች ሲቀሩት ደረሰ። ጸሐፊዋ እጇን ዘረጋች።

ቃልአብ ቅጹን እንደያዘ ቀረ። ልቡ ይደልቃል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ግን አልፈራም። የልብ መደለቅ ከሩጫም እንደሚመጣ፣ ሞት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባው።

«ታስገባለህ ወይስ ልዝጋው?» አለች።

«ይዝጉት» አለና እዚያው ቆሞ አለቀሰ።

ኳስ ፈተና አይሠራም፤ የቃልአብም ትምህርት አልቀለለለትም። ነገር ግን ሰውነታችንን አልጋ ላይ ጥለን አእምሯችንን ብቻ ስናስሮጥ፣ ድካማችን የሚነግረን ሁሉ የራሳችን ውሳኔ ይመስለናል። ትልቅ ነገር ከመቁረጣችሁ በፊት ተነሱ፣ ተንቀሳቀሱ፣ ላብ ይውጣችሁ፣ ከሰው ተቀላቀሉ። በአጠገባችሁስ ተስፋ ቆርጦ የሚሄድ ጓደኛ ካለ፣ ዝም ብላችሁ ፈርማችሁ ልትሸኙት ነው?