የጳጉሜን ሳምንት

ፊታውራሪ ዘገየ በፍል ውሃው ዳር ቤት ሠሩና ቤቱን ሳይሆን ሳምንቱን ይሸጡ ጀመር። ገዢው በዓመት አንድ ሳምንት መጥቶ ይታጠባል፤ ለጣሪያው እድሳት ግን ዕድሜ ልኩን ይከፍላል፤ ሲሞትም ክፍያው ለልጆቹ ይተላለፋል። ፊታውራሪ አገሬውን በየተራ ምሳ ይጋብዛሉ፤ ተበልቶ ሲያበቃ በሩ ይቀረቀራል። እስካሁን ሳይፈርም የወጣ የለም።

አንድ ቀን ከአንዲት ላም በቀር ሌላ ሀብት የሌላት ሸክላ ሠሪ ተጋበዘች። የመጨረሻውን ጉርሻ ሳትውጥ በሩ ተቀረቀረ።

«ላምሽን ስጪና ሳምንት ውሰጂ» አሏት ፊታውራሪ። «የቀረው የጳጉሜን ሳምንት ብቻ ነው፤ ውሃ ሁሉ በሚባረክበት ወር! ነገ ብትመጪ በሁለት ላምም አታገኚው።»

«ጌታዬ፣ ልጆቼን ላማክር።»

«ምሳዬን ስትበዪ ማንን አማከርሽ?»

ሴትዮዋ በሩን አየች። የልጆቿ ወተት ከዚያችው ላም ነው፤ በሩ ደግሞ ያለ ፊርማ አይከፈትም።

«ለመሆኑ ሙሉ ሳምንት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ አጉድዬ ልሸጥ? ሰባት ቀን ሙሉ ነው! ጸሐፊ፣ ከጳጉሜን አንድ እስከ ጳጉሜን ሰባት ብለህ ጻፍላት!»

ጸሐፊው ቀና ብሎ አያቸው። ፊታውራሪን ማረም ልማዱ ስላልነበረ ግን እንደተባለው ጻፈ።

ሴትዮዋ አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ እየነከረች፣ «እንግዲህ ፊታውራሪ ያሉት ቀን መቼም አይቀርም» አለች። «ይህንንም ይጨምሩልኝ፤ ላሚቱን ጳጉሜን ሰባት ጠዋት ራሴ ጎትቼ አመጣታለሁ፤ የጣሪያውንም በየዓመቱ በዚያችው ቀን እከፍላለሁ።»