ሻጋታ የለበሰችው ነጠላ

ተረት ላውራላችሁ? በሉ «አውሪ» በሉኝ! ምነው ዝም አላችሁ፣ ምላሳችሁን ዋጣችሁት እንዴ? ካላላችሁኝ አልጀምርም። እህ፣ እንደሱ ነው እንጂ! አንተ ከበሩ ጋ ያለኸው፣ ግባና ዝጋው፤ ብርዱ ፈጀን።

እንስሳውም ዕቃውም እንደኛ በሚያወራበት ዘመን፣ በአንድ ደጋ አገር የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ድንበሩ ይባላል። ቡሬ የምትባል አንዲት ላም አለቻቸው፤ ወተቷ ለጉድ ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ሁዳዴ ገባ! በሁዳዴ ወተት ማን ይጠጣል? ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ይቀመጣል። አይቡ ግን ይቆመጥጥና ይደፋል። ይናጣል፣ ይቆመጥጣል፣ ይደፋል።

ድንበሩ ተናደደ። «እኛ ጾመኛ፣ እሷ በላተኛ! ይቺን ላም በአህያ እለውጣታለሁ» አለ።

ቡሬ ሰማችና አለቀሰች። «እመቤቴ፣ ጾሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ እንዴ?» አለች።

የሻረግ በልጅነቷ አንድ የፈረንጅ ወጥ ቤት ውስጥ ሠርታ ነበር። «ለወራት የሚቆይ አይብ መሥራት አውቃለሁ፤ ቼዳር ይሉታል። ፍልሰታ እስኪፈታ ጠብቀኝ። ያን ቀን ቆርጬ አበላሃለሁ፤ ካልጣመህ ያኔ ላሚቱን ለውጥ» አለችው።

ድንበሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ከሁዳዴ እስከ ፍልሰታ የሚቆይ አይብ! እሺ፣ እስከዚያ ቃሌ ቃል ነው» አለ።

የሻረግ ወተቱን ለብ አደረገች። ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣውን ማርጊያ ጠብ አደረገችበትና ረጋ። በቢላ ከታተፈችው፣ ቀስ ብላ አሞቀችው፣ አጓቱን አጠለለች። የረጋውን እንደ ጡብ ቆራርጣ አንዱን ባንዱ ላይ ደረደረች፣ ገለበጠች፤ ደረደረች፣ ገለበጠች። ከዚያ ፈርፍራ ጨው ነሰነሰችበት፤ ታቹ በተበሳሳ ድስት ውስጥ ጠቀጠቀችና የወፍጮ ድንጋይ ጫነችበት። አይቡ «ኧረ ወገቤን! ኧረ ያገር ያለህ!» እያለ ጮኸ። ማን ሰምቶት! በማግስቱ ክብ፣ ድፍን ያለ ጎልማሳ ሆኖ ወጣ።

የሻረግ ከሣጥኗ አንድ አሮጌ ነጠላ አወጣች። ቀቀለቻት፣ ቅቤ ቀባቻት፣ አይቡን በሷ ጥብቅ አድርጋ ጠቅልላ ሰፋችው። ከዚያ ቀዝቃዛው ጓዳ ውስጥ ሣንቃ ላይ አስቀመጠችው።

አይቡ ተነጫነጨ። «እማማ ነጠላ፣ ልቀቂኝ! ታፈንኩ!»

«ልጄ፣ የምትተነፍሰው በኔ በኩል ነው» አለችው ነጠላዋ። «ቀስ እያልክ ትደርቃለህ፣ ቀስ እያልክ ትጣፍጣለህ። ታገሥ።»

አንድ ቀን እመት አይጢት ብቅ አለች። «አያ አይቦ! እንዲህ ያለ ጎልማሳ እንደ አራስ ልጅ ይጠቀለላል? ልፍታህ?»

«ተዪኝ፤ እማማ ነጠላ ታገሥ ብላኛለች» አላት። አይጢት አፍንጫዋን ነፍታ ሄደች።

ክረምት ገባ። ጓዳው ረጠበ። የሻረግ በየሳምንቱ እየመጣች አይቡን ትገለብጠዋለች፣ ነጠላዋን ትጠርጋታለች። ነጠላዋ ግን መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ግራጫ ጠጉር አበቀለች። ሻጋታ!

አይጢት ተመልሳ መጣች። «ኤጭ! ይኼ የሚሸተው አንተ ነህ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት!» አለ አይቡ። አያችሁት አይደል፣ ወዲያው ነው የካዳት!

«እንግዲያው ጥጉ ላይ ትንሽ ልቅደድልህ፣ ንፋስ ታገኛለህ።»

«ትንሽ ብቻ» አለ።

ቀደደችው። ቀድዳ መች ተወችው፣ ቆረጠመችው እንጂ! አይቡ «ንፋስ አልኩሽ እንጂ ሥጋዬን ብዪ አልኩሽ?» ብሎ ጮኸ፤ አይጢት እየሳቀች ሮጠች። ነጠላዋ ግን የተቀደደ ጫፏን ጎትታ ቀዳዳው ላይ ተለጠፈች። አይቡ አፈረ።

ፍልሰታ ሲጋመስ ድንበሩ ጓዳ ገባ። «ሻግቷል!» ብሎ ጮኸ። «የሻገተ እንጀራ ይጣላል፤ የሻገተ አይብ ምን የተለየ ነው?»

«ቅመሰውና ፍረድ» አለችው የሻረግ።

«ሴትዮ፣ ጾም ነው እኮ!»

«ታዲያ ያልቀመስከውን በምን ትፈርዳለህ?»

«አፌ ነው የጾመ፣ ዓይኔ አልጾመም! ጾሙ ሲፈታ ይኼ ይጣላል፣ ቡሬም ትነዳለች።»

 የሻረግስ ብትሆን መቼ ቀመሰችው? ቡሬን አቅፋ «አይዞሽ» አለቻት እንጂ፣ እሷም ፈርታ ነበር።

ጾሙ ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው የሻረግ ቅዳሴ ሄደች። አይጢት ለሦስተኛ ጊዜ መጣች፤ ድምፅዋ ማር ሆኗል።

«አያ አይቦ፣ ሰምተሃል? ነገ ሊጥሉህ ነው። እናትህ ቡሬም ትሄዳለች። ይኼን የሻገተ ጨርቅ ልግፈፍልህና ንጹሕ ሆነህ ታይ። ከዚያ ማን ይጥልሃል?»

አይቡ ልቡ ለሁለት ተከፈለ። ከቡሬ ጡት የወጣ ነው፤ እናቱ ስትነዳ እንዴት ያያል? «እማማ ነጠላ፣ ምን ይሻለኛል?» አለ እያለቀሰ።

«ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ» አለችው። «ግን ይኼ ሁሉ ሻጋታ ያለው የት ነው?»

«አንቺ ላይ።»

«አንተስ ላይ?»

አይቡ ገላውን አሰበው። ላዩ ደህና፣ ታቹ ደህና፣ ጎኑ ደህና። አይጢት ከነከሰችው ቦታ በቀር ሻጋታ የሚባል አልደረሰበትም። ያኔ ገባው።

«እመት አይጢት፣ ነይ ቀረብ በዪ» አላት። አይጢት ተስገብግባ ጥርሷን ስታሾል፣ አይቡ ከሣንቃው ተንከባለለና ጓ! ጅራቷ ላይ ወደቀባት።

«ጅራቴን! ኧረ ጅራቴን! ምነው እኔ ለጎረቤት ባላሰብኩ!»

የሻረግ ከቅዳሴ ስትመለስ ጩኸቱን ሰማች። መጥረጊያ ይዛ ስትገባ አይጢት ጅራቷን መንጭቃ አመለጠች። የሻረግ አይቡ ሲወድቅ የተገለጠውን ቀዳዳ አየች፤ ቅቤ ቀባችና ቁራጭ ጨርቅ ለጠፈችበት።

ጾሙ ተፈታ። ጎረቤት ሁሉ ሊስቅ መጣ። ድንበሩ አህያ ያለውን ሰው ሳይቀር ጠርቷል! የሻረግ ስፌቱን ፈታች፣ ነጠላዋን ከዳር ይዛ ገፈፈች። ሻጋታው በሙሉ ከነጠላዋ ጋር ሄደ። ከሥር ያለው አይብ ቢጫ፣ ጥርት ያለ፣ ሽታው ምራቅ የሚያስውጥ ነው። አይጢት የነከሰችበት ቦታ ብቻ ሰማያዊ ክር መስሎ ሻግቷል፤ እሱን በቢላ ጎርዳ ጣለችው።

ድንበሩ አንድ ቁራሽ ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛ ቀመሰና ጣቱን ላሰ። ሦስተኛውን ሲያነሣ «የአህያው ነገርስ?» አለችው የሻረግ።

«የምን አህያ?» አለ አፉ ሞልቶ። «ይልቅ ለቡሬ ድርቆሽ ጨምሪላት!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ቡሬም ከደጅ «እምቧ!» አለች።

ነጠላዋን ግን ያያት የለም። መሬት ተጥላለች፤ የሚያልፈው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ «ይቺን የሸተተች ነገር አውጡልን!» ይላል። ገና ሰሃን ላይ የቀረው ግማሹ አይብ ይኼን ሲሰማ አላስቻለውም።

«እማማ ነጠላ፣ ያ ሁሉ ሻጋታ ለኔ የመጣ ነበር። አንቺ ለበስሽልኝ» አላት።

ነጠላዋ ሳቀች። «እኔ ስቀቀል ይለቀኛል፤ አንተን ይዞህ ቢሆን ነበር ጉዱ» አለችው። የሻረግም አነሣቻት፣ በአመድ ውኃ ቀቀለቻት፣ አጥር ላይ አሰጣቻት።

እንግዲህ ተረቴ አለቀ። እናንተም ልጆቼ ስሙኝ፤ እናንተን ንጹሕ አድርጎ ያቆያችሁን ሰው እሱ ቆሽሾ ብታገኙት፣ አፍንጫችሁን አትያዙበት።