ስድስተኛው ጉርሻ

አንድ ገበሬ ነበረ። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሥልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ኅዳር ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ነፋሱ ግን ከጧት ጀምሮ አላባራም፤ ሰው ከሰው አያሰማማም።

ይህ ገበሬ ከአባቱ የወረሰው የጥንት የወታደር ጠብመንጃ ነበረው። አምስት ጥይት ስለሚይዝ አገሩ ሁሉ «አምስት ጎራሽ» ይለዋል። ስሙን እየሰማ ያደገ ሰው ስለ ስሙ አይጠይቅም። እሱም አልጠየቀም።

ከወር በፊት ለለቅሶ ሩቅ አገር ሲሄድ፣ ጫካው ሽፍታ አለበት ስለተባለ ፈራ። አምስቱን አጎረሰ፤ አቀባብሎ አንዱን ከሆዱ፣ ከጥይት መያዣው፣ ወደ ጉሮሮው፣ ወደ በርሜሉ ሥር፣ አሳለፈና በጎደለው ቦታ አንድ ጨመረ። ስድስት ሆነ። ሽፍታም አላገኘውም፤ በሰላም ተመልሶ ጠብመንጃውን ምሰሶው ላይ ሰቀለ። ስድስተኛዋን ጥይት ከፍርሃቱ ጋር ረሳት።

በዚያ ነፋሻ ቀን ሊወለውለው አወረደው። ከምሰሶው ሥር ጆንያ አንጥፎ ተቀመጠ። ከፊቱ የጓዳው ግድግዳ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ሚስቱ አንጓች ጥጥ ትፈትላለች።

«ዛሬም ያችን አሮጊት ታቀፍሃት?» አለችው ብቅ ብላ። «እኔን እንኳ እንዲህ ወልውለኸኝ አታውቅ!»

«አንቺን ዝገት አይዝሽማ!»

«ባይሆን አፏን ወዲያ አዙርልኝ።»

«አሁን ጥይቷን አስተፋታለሁ፤ ምን ያስፈራሻል?»

ስቃ ተመልሳ ገባች።

መዝጊያውን ሳበ፤ አንድ ጥይት ዘሎ ጆንያው ላይ ወደቀ። መልሶ ገፋው፤ ሌላ ጥይት ከሆዱ ወደ ጉሮሮው ወጣ። እንደገና ሳበ። እንዲህ እያለ አምስት ጥይት ጆንያው ላይ ሲተኛ ጮክ ብሎ «አምስት!» አለ። አምስት ጎራሽ አምስት ከተፋ በቃ። ጉሮሮውን አላየም፤ ጣቱንም አላስገባም። መዝጊያውን ገፍቶ ሲዘጋው ስድስተኛዋ ወደ ጉሮሮው ገባች። ከዚያ፣ ያን ጊዜ ሁሉም ያደርገው እንደነበረው፣ ሞላው እንዳይደክም ሊያሳርፈው ቃታውን ሳበ።

ቤቱ ጮኸ። ከጣራው አቧራ ረገፈ። ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ተከፈተ፤ በቀዳዳው የጓዳው ብርሃን ታየው።

«አንጓች!» አለ።

«አንጓች!»

የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነው። እስከ ጓዳው በር አራት እርምጃ አይሞላም። ያንን መራመድ አቃተው። ካልገባ በሕይወት አለች፤ ከገባ ያያታል። ስለዚህ ጆንያው ላይ ያሉትን ጥይቶች ይቆጥር ጀመር። አምስት። ደግሞ ቆጠረ። አምስት። ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረ።

በመጨረሻ በእንብርክኩ ሄዶ ገባ። በርጩማዋ ባዶ ነው። ከጎኑ የነበረው የጥጥ ሙዳይ ግን ከዚህ እስከዚያ ተበስቶ፣ ጥጡ ወለሉ ላይ ተበትኗል።

አንጓች በጓሮ በር ወጥታ ማሽላ ውስጥ የገባ አህያ ስታባርር ኖሯል። ተኩሱንም ጥሪውንም ነፋሱ ወስዶታል። ዱላዋን እንደያዘች ስትመለስ ባሏን ሙዳይዋን ታቅፎ ሲያለቅስ አገኘችው።

«ምን ሆነሃል?»

«አምስት ነበረ» አለ።

ሰውየው ጠብመንጃውን አልሸጠም፤ አልሰበረውምም። ጥይቱን ወስዶ ጎተራው ውስጥ ቆለፈበት፤ ጠብመንጃውን ለብቻው ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ ሲያነሣው አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት መሬት ያዞራል፤ ጣቱን ከቃታው ያርቃል፤ መዝጊያውን ከፍቶ በዓይኑ ያያል፤ ዓይኑንም ስለማያምን ትንሽ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ይከታል። አምስት ጎራሽ ብሎም ዳግመኛ አልጠራውም።

አንተ ልጄ፣ ዛሬ «አባባ፣ አሁን ፊትዎ ባዶ ያደረግሁትን ጠብመንጃ ደግመው ምን ያያሉ? አያምኑኝም?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ያ ሰው ውሸታም አልነበረም። ቆጠራውም ልክ ነበር፤ አምስት አለ፣ አምስት አወጣ። ሚስቱን ሊያሳጣው የነበረው እርግጠኛ መሆኑ ነው። አንተም «ባዶ ነው» ብለህ ስታቀብለኝ የእሱን ድምፅ ሰማሁ።

ሕፃን ሳለህ እናትህን አንጓችን «ይህን ቀዳዳ ሙዳይ ለምን አትጥይውም?» ብለሃት አቧራውን ጠርጋ መልሳ አስቀመጠችው። አሁን አወቅህ።

እንካ። አፉን ወደ መሬት። ክፈት፤ እይ፤ ጣትህን አስገባ። ከዚያ ስጠኝ። እኔም እከፍተዋለሁ።