ስድስተኛው ስም

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ትቆጣኛለች፣ ስትቆጣ ደግሞ ቀላል ሰው አይደለችም። በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። የተወለደውን ትመዘግባለች፣ የሞተውን ትመዘግባለች፣ ያገባውንም ትመዘግባለች። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ጋብቻ ጻፈች።

እስቲ አስቡት። ጠዋት ቢሮ ትገባለች። ሙሽሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይመጣሉ፣ ፎቶ ይሰጣሉ፣ ምስክር ያቀርባሉ፣ ይፈርማሉ፣ እየተሳሳቁ ይወጣሉ። እሷ ማኅተሙን መትታ ቀጣዮቹን ትጠራለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ሞልቷል። የቢሮው ጥበቃ ሳይቀር፣ «አንቺ፣ የራስሽን የምትጽፊው መቼ ነው?» ይላታል። ክፋት የለውም፣ መቀለዱ ነው። ግን በቀን አንዴ ብትሰሙት በዓመት ስንት ጊዜ ይሆናል? እዚህ የተቀመጣችሁ፣ እንዲህ የምትቀልዱ፣ ተዉ። እባካችሁ ተዉ።

ይህች እህት ትጸልያለች። ስትጸልይም አትሸፋፍንም። «ጌታ ሆይ፣ ባል እፈልጋለሁ» ትላለች በቀጥታ። እኔ ይህን እወድላታለሁ። እኛ አለን አይደል፣ በአፋችን «ፈቃድህ ይሁን» እያልን በሆዳችን ሌላ የምንጸልይ?

ታዲያ አንድ ቀን መጣላት። ይኸነው ይባላል፣ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው። አማኝ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው። ተነጋገሩ፣ ተዋደዱ፣ «ሽማግሌ ልላክ?» አላት። «ላክ» አለችው። ያን ሳምንት ቢሮ ውስጥ እየዘመረች ነበር የምትጽፈው፤ የሞት ምዝገባ ላይ እንኳ ስትዘምር ባልደረቦቿ ሰምተው «ኧረ ሐዘንተኛ አለ» ብለዋታል።

በዚያ አገር ግን ጋብቻ ከመጽናቱ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። የወንዱ ወገን በአባትም በእናትም በኩል አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ እስከ ሰባት ትውልድ ስም ይጠራል፣ የሴቷም ወገን እንዲሁ። ከሰባቱ ውስጥ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፣ ጋብቻው ይቀራል። «ሰባት ቤት ሩቅ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። በዚያ አገር ሕጉ ይህ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች።

አባቷ የሞቱት ገና ልጅ ሳለች ነው። ያሳደጓት የእናቷ ወንድም ጋሽ ልየው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የአባቷን ዘር አያውቁትም። ስለዚህ ስሞቹን ልትጠይቅ ገጠር ወዳሉት የአባቷ እህት፣ ወደ እትዬ የሺወርቅ ሄደች። አክስቷ ምስር እየለቀሙ በጣታቸው ቆጠሩላት። «አየነው፣ ቢሻው፣ ገሠሠ፣ ደርሶ፣ ጓንጉል፣ ባያብል፣ ተድላ። ባያብልማ ባለ ግራጫ በቅሎው ነው። ወንዙን ተሻግሮ እዚያ ማዶ ሌላ ትዳር የመሠረተው።»

እስክሪብቶዋ ቆመ።

ለምን መሰላችሁ? ይኸነው ከወር በፊት እየሳቀ አውርቷት ነበር። «በእናቴ በኩል አንድ ባያብል የሚሉት የሩቅ አያት አለን፣ ግራጫ በቅሎ ነበረው፣ ወንዝ ተሻግሮ የመጣ ነው» ብሏታል። ሰውየው አንድ ነው። ስሙ አንድ፣ በቅሎው አንድ፣ ወንዙ አንድ።

«እትዬ፣ ይሄ ባያብል እኮ የይኸነውም ነው» አለች።

አክስቷ ምስሩን ተዉት። «ማን ያውቃል?»

«እኔና እርስዎ።»

«እንግዲያው ዝለይው። ጓንጉል ተድላ ብለሽ እለፊው። ይኼን ሁሉ ዓመት ጠብቀሽ በአንድ የሞተ ሰው ልትቀሪ ነው? እኔ እንደሆንኩ ዛሬ ነገ የምሄድ ሰው ነኝ፤ አፌን አፈር ሲሞላው ማን ይጠይቀኛል?»

ወገኖቼ፣ አንድ ስም ናት። አራት ፊደል። ማንንም አትገድልም፣ የማንንም ንብረት አትወስድም። አክስቷም ክፉ ሴት አይደሉም፣ ወድደዋት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውሸት የሚጎትተን የሚጠላን ሰው አይደለም፣ የሚወደን ነው።

በሚኒባስ ስትመለስ ጉልበቷ ላይ ንጹህ ወረቀት አስቀምጣ ትጽፍ ጀመር። ያ የቢሮ እጅ ጽሕፈቷ ያምራል። አየነው። ቢሻው። ገሠሠ። ደርሶ። ጓንጉል። ከዚያ እጇ እምቢ አለ። አስራ አንድ ዓመት ለስንቱ ሙሽራ፣ «ሐሰተኛ መረጃ መስጠት ያስቀጣል፣ አውቃችሁ ፈርሙ» ስትል የኖረች ሴት ናት። መስኮቱን እያየች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ እንዲህ ብላ ጸለየች፦

«ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው አንተ ከሰጠኸኝ ለምን እዋሻለሁ? አንተ ካልሰጠኸኝ ደግሞ ዋሽቼ ምን አደርገዋለሁ?»

ልድገመው? ልድገመው። አንተ ከሰጠኸኝ ለምን እዋሻለሁ? አንተ ካልሰጠኸኝ ዋሽቼ ምን አደርገዋለሁ? እኔ ነገረ መለኮት ተምሬያለሁ፣ አራት ዓመት። ይህችን የምታህል ጸሎት ግን ማንም አላስተማረኝም።

ባያብል ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ለይኸነው ነገረችው። እሱም፣ «እኔ ምንም አልሰማሁም። አንቺም አልነገርሽኝም። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ» አላት። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ምን እል እንደነበር ስለማላውቅ አልፈርድበትም።

እሑድ ከሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። የሚመሩት ጋሽ ዳምጤ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አናጢ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ። የይኸነው ዘር የተጻፈበት ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ነው። ጋሽ ልየው የልጅቷን ወረቀት ያነባሉ፣ ጋሽ ዳምጤ በጣታቸው ያመሳክራሉ። እሷ ከመጋረጃው ኋላ ቆማለች። አየነው። ቢሻው። ገሠሠ። ደርሶ። ጓንጉል። ባያብል።

ጣታቸው ቆመ።

«ጋሽ ልየው፣ እስቲ ይቺን ይድገሙልን።»

«ባያብል።»

«ባለ በቅሎው?»

«እኔ እንጃ። የጻፈችው ልጅቷ ናት።»

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። «አዎ አባባ፣ ባለ በቅሎው ነው» አለች።

አለቀ። ወረቀቱ ታጠፈ። የቀረበው ምግብ ሳይነካ ቀረ። ጋሽ ልየው ተነሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ፣ ሰው ፊት ላለማልቀስ። ጋሽ ዳምጤ ግን ደፉ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ታውቂ ነበር?»

«አዎ አባባ። አስር ቀን ሆነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልዘለልሽውም?»

ያንኑ ነገረቻቸው። እሱ ከሰጠኝ ለምን እዋሻለሁ፣ እሱ ካልሰጠኝ ዋሽቼ ምን አደርገዋለሁ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አደረጉና ሄዱ።

አሁን እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር በማግስቱ ሌላ ባል በር ያንኳኳል አይደል? አላንኳኳም። ከተማው ሁሉ «በገዛ እጇ ትዳሯን አፈረሰች» አለ። የቤተ ክርስቲያን እህቶችም ይህንኑ አሉ፣ አንደብቅ። እሷም እግዚአብሔርን ተቀየመች። ሁለት ወር አልዘመረችም። በሰባተኛው ወር ይኸነው ቢሮዋ መጣ። ብቻውን አይደለም፣ ከሙሽሪቱ ጋር ነው። ሌላ መዝጋቢ የለም። ምን ታድርግ? ጻፈች። የባል ስም፣ የሚስት ስም፣ የምስክሮች ስም። ማኅተሙን መታች። «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች። ከዚያ ፋይል ማከማቻው ክፍል ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ጮኻ አለቀሰች። «ይኼ ነው ታማኝነትህ?» አለችው እግዚአብሔርን። እንዲህ ብላችሁት የምታውቁ ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም።

እሺ፣ አሁን ስሙኝ። ጠጋ በሉ።

በዚያው ሰሞን የጋሽ ዳምጤ ላም ታመመች። ዘመነ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ ወደ ከተማዋ መጥቷል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ላሟን እያከመ፣ ሽማግሌው ወግ ጀመሩለት። «አንድ ነገር እኮ አይቼ መርሳት አቃተኝ» ብለው ያቺን እሑድ አጫወቱት። ሰውየው መርፌውን እንደያዘ ቀረ።

«ምን አለች? እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገሙለት።

«አንዴ ብቻ፣ እባክዎ።»

«ኧረ ልጄ፣ መጀመሪያ ላሚቱን ውጋልኝ» አሉት።

ይህ ዘመነ የሚሉት ሰው ስድስት ዓመት ሲጸልይ የኖረው አንድ ጸሎት ነው። «ጌታ ሆይ፣ ቆንጆዋን አላልኩህም፣ የተማረችውን አላልኩህም። የማትዋሸኝን ሴት ስጠኝ።» አያችሁት? አያችሁት ወይ? እሷ ደጅ የተዘጋባት በመሰላት በዚያች እሑድ፣ የሌላ ሰው የስድስት ዓመት ጸሎት እየተመለሰ ነበር። የተከፈተ በር ስለሌለ እግዚአብሔር ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ያላችሁ ማነው? በሩን ዘግተውባት የሄዱት ሽማግሌ ናቸው ወሬዋን ይዘው የወጡት!

ተዋወቁ። አምስት ወር ተነጋገሩ። አንዴ ተጣልተዋል፤ እሱ ሰዓት አያከብርም፣ ዛሬም አያከብርም። ከዚያ ሽማግሌ ተላከ። ማን መራው? ጋሽ ዳምጤ። ጋሽ ልየው በሩን ከፍተው ሲያዩአቸው፣ «አሁን ደግሞ ምን ቀራችሁ?» አሉ። እውነታቸውን እኮ ነው።

ቁጥር እንደገና ተጀመረ። እሷ ያንኑ ስም ነው የጻፈችው፣ አንዱንም አልቀየረችም። ባያብል ያው ስድስተኛው ላይ ነው። እትዬ የሺወርቅም ከገጠር መጥተዋል፤ ዛሬ ነገ እሄዳለሁ ያሉት ሴት አሉ፣ ደህና ናቸው። አንድ፣ ጣት አለፈ። ሁለት፣ አለፈ። ሦስት። አራት። አምስት። ባያብል! የጋሽ ዳምጤ ጣት የዘመነን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ወረደ፣ እንደገና ከታች ወደ ላይ ወጣ። የለም። ሰባተኛው፣ ተድላ። የለም። በአባቱም በእናቱም የለም። «ዝምድና የለም» አሉ። የመጀመሪያውን እልልታ ማን አቀለጠው? እትዬ የሺወርቅ። ያኔ «ዝለይው» ያሉት አክስት።

ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ነገር ልለይ፣ እንዳትሳሳቱብኝ። እውነት የተናገረ ሁሉ ያገባል አላልኩም። እውነት ተናግራችሁ፣ ጠብቃችሁ፣ እስከ ዛሬ በራችሁ ያልተንኳኳ እዚህ ተቀምጣችኋል፣ አውቃችኋለሁ። ባል ልሸጥላችሁ አልመጣሁም። ያቺ እህት እግዚአብሔርን ያመነችው የሠርጓ ቀን አይደለም። ሚኒባስ ውስጥ ነው፣ ዘመነ የሚባል ሰው መኖሩን ሳታውቅ፣ የምትወደውን ሰው በገዛ እጇ ስትለቅ። ያን ቀን ታሪኩ እዚያው ቢያልቅ እንኳ እግዚአብሔር ታማኝ ነበር።

እናንተስ? ለትዳር ስትሉ የዘለላችሁት ምንድን ነው? አንተ፣ ሌላ ቦታ ልጅ አለህ፣ እጮኛህ አታውቅም። አንቺ፣ የምትወስጂውን መድኃኒት ደብቀሻል፣ ከሠርጉ በኋላ እነግረዋለሁ ብለሽ። አንተ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ምንም ሳይልህ «እግዚአብሔር ሚስትህ ናት ብሎኛል» ብለህ ልጅቷን አስጨንቀሃታል። ለምን? እሱ ከሰጠህ ለምን ትዋሻለህ? እሱ ካልሰጠህ ዋሽተህ ምን ታደርጋታለህ? ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ደውሉ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ። ትፈራላችሁ፣ አውቃለሁ፤ እየፈራችሁ ደውሉ።

የምትደውሉለት ሰው የሌላችሁ፣ ብቻችሁን የምትጠብቁ፣ እናንተን የመጨረሻ ያደረግኋችሁ ስለምወዳችሁ ነው። ሽማግሌ ሰባት ቤት ይቆጥርና ያቆማል። ከዚያ በላይ አያስታውስም፣ አይችልም። እግዚአብሔር ግን ታማኝነቱን እስከ ሺህ ትውልድ ይቆጥራል፣ አንድ በአንድ፣ ሳይደክም፣ ሳይሳሳት። ማታ ቤታችሁ ብቻችሁን ስትገቡ፣ ሰው ሁሉ የረሳችሁ ሲመስላችሁ፣ ይህን ያዙ፦ እሱ ሲቆጥር የእናንተን ስም አልዘለለም።