«ምንም አልፈልግም» ያለው አናጢ

አንድ አንዳርጌ የሚባል አናጢ ነበር። ሙያው የተመሰገነ፣ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ሰው ነው። አንድ ቀን በጎ ፈቃደኞችን ወደ ሌላ አገር የሚልክ ማኅበር አናጢ እንደሚፈልግ ሰማና ሄዶ ተመዘገበ። ጎረቤቶቹ ነገሩ አልገባቸውም።

«ደመወዝ አለው?» አሉት።

«የለውም።»

«ታዲያ በዚህ ዕድሜህ ምን ፍለጋ ነው ሰው አገር የምትንከራተተው?»

«ምንም ፍለጋ አይደለም፤ ለጽድቅ ነው» አለና አፋቸውን አስያዛቸው።

ማኅበሩ የላከው ወደ ደቡብ፣ ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር ወደምትገኝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበር። በዚያ ነፋስ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ ገንጥሎ ወስዶታል። ልጆቹ ግድግዳው ብቻ በቀረ ክፍል ውስጥ ፀሐይ እየመታቸው ይማራሉ። ዝናቡ ሳይገባ ጣሪያው ካልተሠራ ትምህርት መቆሙ ነው። ቆርቆሮውና እንጨቱ ቀድሞ ደርሷል። የአንዳርጌ ሥራ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሆኖ ጣሪያውን መሥራት ነበር።

የመንደሩ ትልቅ ሰው ታንዲዌ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። እሳቸው ሳይናገሩ ሌላው አይናገርም። አንዳርጌ በደረሰ ዕለት የተጠበሰ ዶሮ በሳህን አስይዘው መጡ። ንግግራቸውን የምትተረጉምለት ቺሶሞ የምትባል የትምህርት ቤቱ መምህርት ናት።

አንዳርጌ ሳህኑን በሁለት እጁ መልሶ ገፋው። «አመሰግናለሁ። እኔ ግን ለመስጠት እንጂ ለመቀበል አልመጣሁም» አለና ከሻንጣው የታሸገ ምግብ አወጣ። ማደሪያ ሲሰጡትም «አላስቸግራችሁም» ብሎ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ፍራሹን ዘረጋ።

አሮጊቷ ትኩር ብለው አዩት። «ምን ትፈልጋለህ?» አሉት።

«ምንም አልፈልግም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

እማማ ታንዲዌ ሳህናቸውን አንስተው ሄዱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መንደሩ አንዳርጌን በጎን ያየው ጀመር። ሜትሩን ዘርግቶ ግድግዳውን ሲለካ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጠራሉ። የጣሪያውን ቅርጽ ወረቀት ላይ ሲነድፍ አጠገቡ የቆሙት ወንዶች አንድ በአንድ ይበተናሉ። የመጋዙና የመሮው ሳጥን ልጆችን እንዳይጎዳ ብሎ ቢቆልፈው፣ «ምን ቢደብቅ ነው?» ተባለ። ሰላምታ ሲሰጥ ይመልሱለታል፤ እሱ እልፍ ሲል ግን ሹክሹክታው ከኋላው ይከተለዋል። እንጨት የሚያቀብለው አንድ ሰው እንኳ ጠፋ።

እሱም በበኩሉ መጠርጠር ጀመረ። አንድ ቀን ምስማር ሊገዛ ወደ ማዶው ገበያ ለመሻገር ጠባብ ጀልባ ላይ ተሳፈረ። የደገኛ ነገር፣ ጀልባ አያውቅምና ዳር ለማየት ብድግ ሲል ጀልባዋ ተገለበጠች። ቀዛፊው ጎትቶ አወጣው፤ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አንዳርጌ ግን ከነልብሱ እየተንጠባጠበ፣ «ሆን ብለው ነው የገለበጡኝ» ሲል በልቡ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ቺሶሞንም አላመናትም። እሱ አንድ ቃል ሲናገር እሷ አሥር ቃል ስትተረጉም፣ «ምን እየጨመረችብኝ ይሆን?» ይላል።

አንድ ጠዋት ሲነሳ ብቻውን ለፍቶ ያቆማቸው እንጨቶች ሁሉ ተነቅለዋል። አልተሰበሩም፣ አልተሰረቁም፤ መሬት ላይ በሥርዓት ተደርድረው ተኝተዋል። ይህ ከስርቆት ይልቅ አስፈራው።

«ማነው ይህን ያደረገው?» አላት ቺሶሞን።

መምህርቷ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፣ «እኔ እንጃ» አለችው። እንደምታውቅ ገባው።

በእልህ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረ። ደመናው ከሐይቁ ማዶ መክበድ ጀምሯል። ረዥም እንጨት በትከሻው ተሸክሞ መሰላል ሲወጣ እግሩ ከዳውና ቁልቁል ወረደ። ቁርጭምጭሚቱ ወዲያው አብጦ መቆም አቃተው። ጩኸቱን ሰምተው የደረሱት እነዚያው በጎን የሚያዩት ሰዎች ናቸው። ወደ ዕቃ ቤቱ አልወሰዱትም፤ ተሸክመው እማማ ታንዲዌ ቤት አስገቡት።

አሮጊቷ እግሩን በዘይት አሽተው በጨርቅ ጠበቅ አድርገው አሰሩለት። ቀጥለው የበቆሎ ገንፎ ከዓሣ ጋር አቀረቡለት። አንዳርጌ ሳህኑን አየው፤ የተነቀሉትን እንጨቶችም አሰበ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» የሚለው የአገሩ ተረት ትዝ አለው።

«አመሰግናለሁ፣ አልራበኝም» አለ። ሆዱ ግን ይጮህ ነበር።

«ቺሶሞ፣ ጠይቂልኝ» አሉ አሮጊቷ፤ «ምን ያለበት መስሎት ነው?»

አንዳርጌ ትዕግሥቱ አለቀ። «እንጨቴን የነቀለ ሰው እዚህ መንደር ውስጥ እያለ የማንን ምግብ አምኜ ልብላ?»

«የነቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ እማማ ታንዲዌ። «ወንዶቹን አዝዤ ያስነቀልኩት እኔ ነኝ። እንዳይሰበር ብዬ ያስደረደርኩትም እኔው ነኝ።»



«ከብዙ ዓመት በፊት አንድ እንግዳ መጣ» አሉ አሮጊቷ። «የውሃ ጉድጓድ ቆፈረልን። ምን ትፈልጋለህ ስንለው ‹ምንም› አለን። ውሃውን ጠጥተን መረቅነው። ኋላ ግን የሽቦ አጥር ይዞ ተመለሰና የሐይቁን ዳር ‹የኔ ነው› ብሎ አጠረው። ያ ቦታ የባለቤቴ ጀልባ የሚቆምበት ነበር፤ ዛሬ እግራችን አይረግጠውም። ከዚያ ወዲህ የሚፈልገውን የሚነግረንን ሰው አንፈራም። ምንም አልፈልግም የሚለንን ግን እንፈራለን። አንተ ደግሞ ምግባችንን አልበላህ፣ ቤታችን አላደርክ። አሁን የኔን አንድ ሳህን ገንፎ ፈራህ። እኛ ያንተን ጣሪያ ብንፈራ ምን ያስገርምሃል?»

አንዳርጌ «ለጽድቅ ነው» ሊል አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ግን አልወጣለትም። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦

«ምንም አልፈልግም ያልኩት ውሸት ነው፣ እናቴ። ሚስቴ ሞታብኛለች። ልጆቼም ሩቅ ናቸው። ከሥራ ስመለስ ቤቴ ውስጥ ስሜን የሚጠራኝ የለም። ‹አንዳርጌ፣ ና እስቲ ይህን ያዝልን› የሚለኝ ሰው ፈልጌ ነው የመጣሁት። ለእናንተ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ለራሴም ነው።»

ቺሶሞ በዚህ ጊዜ አሥር ቃል አልጨመረችም፤ በአጭሩ ተረጎመችው።

እማማ ታንዲዌ ጭናቸውን መታ አድርገው ሳቁ። «ይኸው ነው? ይህንንማ ማን ይነፍግሃል! ለምን መጀመሪያ አልነገርከንም? በል ብላ፣ አንዳርጌ።»

በላ።

በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ተለወጠ ማለት አይደለም። «ይህም አንድ ዘዴ ይሆናል» ያሉ ነበሩ። አሮጊቷ ግን በርጩማቸውን ይዘው ግድግዳው ሥር ተቀመጡና ወንዶቹን በየስማቸው ጠሩ። አንዳርጌ እግሩን ዘርግቶ ያሳያል፣ እነሱ ያቆማሉ። ዝናቡ ግን አልጠበቃቸውም፤ ጣሪያው እኩሌታው ሳይለብስ ደረሰ። ልጆቹ በለበሰው በኩል ተጠጋግተው ሲማሩ፣ ወንዶቹ ባልለበሰው በኩል እየበሰበሱ ቆርቆሮ መቱ። ጥቂቱ ጠመም ብሎ ተመታ፤ ውሃ ግን አላስገባም።

አንዳርጌ ወደ አገሩ ለመመለስ ጀልባ ሲሳፈር ብዙ ሰው ሸኘው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሌላው ሁሉ ከተበተነ በኋላም ጀልባዋ ከዓይን እስክትጠፋ ዳር ላይ ቆሞ ነበር ይባላል። ሊሸኘው ይሁን መሄዱን ሊያረጋግጥ፣ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ወዳጆቼ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና የተጎዳ ሰው ቢጠረጥረን አንቀየመው። መስጠት ብቻ እንጂ መቀበል የማይወድ ሰው ከሌላው በላይ ይቆማል፤ ከበላይ የቆመን ሰው ደግሞ ማንም በሙሉ ልቡ አያምነውም። በጎ ሥራችን ውስጥ የራሳችን ፍላጎት መኖሩ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው መደበቁ ነው። ፍላጎታችንን በግልጽ ስንናገር፣ ልንረዳው የሄድነው ሰው እሱም በተራው የሚሰጠን ነገር እንዳለው ያውቃል።

እስቲ እናንተ ደግሞ አስቡት፦ መልካም ልታደርጉለት የሄዳችሁት ሰው ዓይናችሁን አይቶ «ምን ፈልገህ ነው የመጣኸው?» ቢላችሁ፣ እውነተኛው መልሳችሁ ምንድን ነው?